አባ አንጄሎ ሴኪ፦ በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ከዋክብትን የመረመሩ ካህን

በሮማ ከተማ እምብርት፣ ፓንቴዎን ከሚባለው ጥንታዊ ሕንፃ ብዙም በማይርቅ ስፍራ፣ ለቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ መታሰቢያ የተሠራ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ወደ ውስጥ የገባ ምእመን ወደ መንበረ ታቦቱ አቅጣጫ እየተራመደ ዓይኑን ቀና ቢያደርግ፣ ዓምዶችና መስኮቶች ያሉት ሰፊ ጉልላት ከበላዩ ቆሞ ያያል። ጥቂት አልፎ መልሶ ቢመለከት ግን ጉልላቱ ይጣመምበታል። ያየው ጉልላት ሳይሆን በጠፍጣፋ ሸራ ላይ የተሣለ ሥዕል ነውና። ቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት የለውም።

ከዚህ ሥዕል በላይ፣ በሕንፃው ጣሪያ ላይ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት አንድ ካህን ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል እውነተኛውን ሰማይ ሲመረምሩ ኖረዋል። አባ አንጄሎ ሴኪ ይባላሉ። ከዋክብትን በብርሃናቸው ጠባይ እየለዩ በየወገናቸው በመመደብ ረገድ ከቀዳሚዎቹ አንዱ በመሆናቸው፣ የሥነ ፈለክን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ስማቸውን ሳያነሣ አያልፍም። በዚህ እትም የእኚህን ካህን ሕይወትና የሠሩበትን ቤት ታሪክ ለውድ አንባብያን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ይህ አቆጣጠር ራሱ ከምንተርከው ቤት ጋር የተያያዘ መሆኑን ቀጥለን እንመለከታለን።

ጉልላት ያጣው ቤተ ክርስቲያን

ቅዱስ ኢግናጥዮስ የኢየሱስን ማኅበር ከመሠረቱ በኋላ በ1551 በሮማ አንድ ትምህርት ቤት ከፈቱ። የሮማ ኮሌጅ የተባለው ይህ ቤት ዛሬ የጎርጎርዮስ ዩኒቨርሲቲ ለሚባለው ተቋም መነሻ ነው። ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1580ዎቹ ዓመታት ሰፊ ሕንፃ አሠሩለት። በእኚሁ ር.ሊ.ጳ. ትእዛዝ በ1582 የዘመን አቆጣጠር ሲታረም፣ አዲሱን ስሌት መርምረው ካጸደቁትና በኋላም ለዓለም ካብራሩት ሊቃውንት መካከል በኮሌጁ ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩት ኢየሱሳዊው አባ ክላቪዩስ ዋነኛው ነበሩ። ዛሬ አብዛኛው ዓለም ቀንና ወሩን የሚቆጥረው በዚያ ስሌት ነው።

ጋሊሌዮ በ1611 ወደ ሮማ በመጣ ጊዜ የኮሌጁ ሊቃውንት በክብር ተቀብለውት ነበር። የኋላው ታሪክ ግን እንደ ጅማሬው አልሆነም። በ1618 ስለ ታዩት ጅራታም ከዋክብት በጋሊሌዮና በኮሌጁ መምህር በአባ ኦራዚዮ ግራሲ መካከል ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ በ1633 ደግሞ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በማለቱ ጋሊሌዮ ተፈረደበት። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1992 የዚያን ጊዜ የሃይማኖት ሊቃውንት መሳሳታቸውን በይፋ እስከ ገለጹበት ቀን ድረስ ይህ ፍርድ በቤተ ክርስቲያን ላይ ሲጠቀስ ኖሯል። ከአባ ሴኪ ትከሻ ላይ ይህ ሸክም ምን ያህል እንዳረፈ ወደ ፊት እናያለን።

ከጋሊሌዮ ጋር የተከራከሩት አባ ግራሲ የሒሳብ ሊቅ ብቻ ሳይሆኑ የሕንፃ ንድፍ ዐዋቂም ነበሩ። በካርዲናል ሉዶቪኮ ሉዶቪዚ ወጪ በ1626 የተጀመረው የቅዱስ ኢግናጥዮስ ቤተ ክርስቲያን የእሳቸው ሥራ ነው። ሕንፃው ከኮሌጁ ጋር ተያይዞ ቆመ። በመካከሉም ወርዱ 17 ሜትር ገደማ የሆነ የድንጋይ ጉልላት እንዲሸከሙ ታስበው አራት ግዙፍ ዓምዶች ተተከሉ። ጉልላቱ ግን ሳይሠራ ቀረ። ክፍተቱ በጣሪያ ተዘጋ፤ በ1685 ኢየሱሳዊው ወንድም አንድሬያ ፖዞ መግቢያችን ላይ ያነሣነውን ሥዕል ሣሉበት። አራቱ ዓምዶችም የታሰበላቸውን ሸክም ሳይሸከሙ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆዩ።

በ1773 የኢየሱስ ማኅበር በፈረሰ ጊዜ ኮሌጁ ወደ ሌሎች ካህናት እጅ ተላለፈ። ትምህርቱም ሆነ የሰማይ ምርምሩ አልተቋረጠም። ካርዲናል ዘላዳ በ1787 ከኮሌጁ ሕንፃ ላይ የከዋክብት መመልከቻ ግንብ አሠሩ፤ አባ ጁዜፔ ካላንድሬሊም መሩት። ማኅበሩ በ1814 እንደ ገና ከተቋቋመ በኋላ በ1824 ር.ሊ.ጳ. ልዮን 12ኛ ኮሌጁን ለኢየሱሳውያን መለሱላቸው። አባ ሴኪ የሚገቡበት ቤት እንዲህ ያለ ነበር።

የአናጢው ልጅ

አንጄሎ ሴኪ በሰኔ ወር 1818 በሰሜን ኢጣልያ በምትገኘው በሬጆ ኤሚልያ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አንቶንዮ አናጢ ነበሩ። እናታቸው ሉዊጃ ብልህ ሴት ስለ ነበሩ ልጃቸው መስፋትና ሹራብ መሥራት ሳይቀር እንዲማሩ አደረጉ። በኋላ ዘመን ብዙ መሣሪያ በራሳቸው ንድፍ ያሠሩት ሊቅ እጃቸውን ያፍታቱት በዚህ ቤት ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በትውልድ ከተማቸው በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በኅዳር 1833፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው፣ ወደ ማኅበሩ ገቡ። በሮማ ኮሌጅ ፍልስፍናን ሲያጠኑ በሒሳብና በፊዚክስ ያላቸው ተሰጥዎ ጎልቶ ስለ ታየ፣ በ1839 በዚያው ቤት እንዲያስተምሩ ተመደቡ። በ1841 ደግሞ ወደ ሎሬቶ ተልከው ፊዚክስ አስተማሩ። ከ1844 ጀምሮ ትምህርተ መለኮትን አጥንተው በመስከረም 1847 ማዕረገ ክህነትን ተቀበሉ። ጊዜው በአገራችን አቡነ ያዕቆብ እየተባሉ የሚጠሩት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ በሰሜን ኢትዮጵያ ወንጌልን የሚሰብኩበት ዘመን ነበር።

የክህነታቸው የመጀመሪያ ዓመት ሳይሞላ በ1848 በሮማ ሁከት ተነሣ። ኢየሱሳውያን ከተማይቱን ለቅቀው እንዲወጡ ሆነ። አባ ሴኪ በፓሪስ በኩል አድርገው ወደ እንግሊዝ ተሻገሩና በስቶኒኸርስት በሚገኘው የማኅበሩ ትምህርት ቤት ተጠለሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሌሎች ስደተኞች ወንድሞቻቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዋሽንግተን አጠገብ ወዳለው የጆርጅታውን ኮሌጅ ደረሱ። ኮሌጁ በአባ ኩርሊ የሚመራ የከዋክብት መመልከቻ ስለ ነበረው አባ ሴኪ ከፊዚክስ ወደ ሥነ ፈለክ የሚወስደውን መንገድ ያገኙት በስደት አገር ነው። የነፋስንና የባሕርን ጠባይ ያጠና ከነበረው ከአሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ከማቲው ሞሪ ጋርም በዚያ ተዋወቁ። የአየር ጠባይ ጥናት ፍቅራቸው ከዚህ ትውውቅ ተጠቅሟል።

በዚሁ ጊዜ የሮማው መመልከቻ ኃላፊ የነበሩት፣ ጅራታም ከዋክብትን በማግኘት የታወቁት አባ ፍራንቼስኮ ደ ቪኮ እንደ እሳቸው በስደት ሳሉ በኅዳር 1848 በለንደን ዐረፉ። ኢየሱሳውያን ወደ ሮማ ሲመለሱ የመመልከቻው ኃላፊነት ለአባ ሴኪ ተሰጠ። ዕድሜያቸው ከሠላሳ አንድ ዓመት አይበልጥም ነበር።

በአራቱ ዓምዶች ላይ

ወጣቱ ኃላፊ የተረከቡት መመልከቻ ጠባብ ነበር። ከዚህም በላይ በግንብ ጫፍ ላይ ለተቀመጠ መሣሪያ ትልቁ ጠላት መንቀጥቀጥ ነው። ቴሌስኮፕ የሩቁን ነገር አጉልቶ እንደሚያሳይ ሁሉ የራሱንም እንቅስቃሴ ያጎላል። በነፋስ ወይም በመንገድ በሚያልፍ ሠረገላ ምክንያት ግንቡ በጥቂቱ ቢነቃነቅ ኮከቡ በመስተዋቱ ውስጥ ይዘላል፤ ልኬቱም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከፍ ያለ ሆኖ የማይነቃነቅ ስፍራ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች ደግሞ በአንድ ላይ አይገኙም።

አባ ሴኪ ይህን ስፍራ ከደጃቸው አገኙት። የቅዱስ ኢግናጥዮስ ቤተ ክርስቲያን አራት ዓምዶች ከባድ የድንጋይ ጉልላት እንዲሸከሙ ተደርገው ስለ ተሠሩ፣ መሠረታቸው ጥልቅ፣ ግንባቸውም ወፍራም ነበር። በላያቸውም ምንም አልነበረም። አንድ መቶ ዓመት ያህል አስቀድመው የኮሌጁ መምህር የነበሩት ኢየሱሳዊው አባ ቦስኮቪች በዚያ ላይ መመልከቻ እንዲሠራ አሳስበው ነበር፤ ሐሳባቸው ሳይፈጸም ቀርቶ ነበር። አሁን በር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 9ኛ ድጋፍ፣ እንዲሁም አንድ የማኅበሩ ወንድም ከቤተሰቡ የወረሰውን ገንዘብ ለትልቁ ቴሌስኮፕ መግዣ በመስጠቱ፣ በ1852 ሥራው ተጀመረ፤ በ1853ም አዲሱ መመልከቻ አገልግሎት ጀመረ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በዋነኛው ክፍል፣ ወደ ፈለጉት አቅጣጫ በሚዞር ክብ ክዳን ሥር፣ በሙኒክ ከተማ በሜርዝ ቤት የተሠራው አዲሱ ቴሌስኮፕ ተተከለ። የፊት መስተዋቱ ወርድ 24 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ4 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ሰማይ በሚዞርበት ፍጥነት እየተራመደ ኮከቡን የሚከተልበት የሰዓት ሞተር ነበረው። ከደ ቪኮ ዘመን የቆየው፣ በፈረንሳይ አገር የተሠራው አሮጌው ቴሌስኮፕ ለራሱ ሌላ ክፍል ተሰጠው። ሦስተኛው ክፍል ከዋክብት በሰማይ መካከል የሚያልፉበትን ቅጽበት ለመለካት የሚያገለግል ነበር። ትክክለኛው ሰዓት የሚታወቀው በዚህ መሣሪያ ነው። ከታኅሣሥ 1847 ጀምሮ በሮማ እኩለ ቀን የሚታወጀው ከመመልከቻው በሚሰጥ ምልክት ነበር። ምልክቱ ሲታይ በቅዱስ መልአክ ግንብ ያለው መድፍ ይተኮሳል፤ የየደብሩም ደወል ሰዓቱን በዚያ ያስተካክላል። ያ መድፍ ከ1904 ወዲህ ጃኒኮሎ ከሚባለው ኮረብታ ላይ ይተኮሳል።

የዓምዶቹን ነገር ስናስብ አንድ ነገር እንገነዘባለን። ግራሲ የጀመሩት ሥራ በጊዜው ጎዶሎ ሆኖ ቀርቷል። ጉልላቱ እንደ ታሰበው ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ግን ለመመልከቻው ቦታ ባልተገኘም ነበር።

የከዋክብትን ብርሃን ማንበብ

ከአባ ሴኪ በፊት የነበሩ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ዋና ተግባር እያንዳንዱ ኮከብ የት እንዳለና እንዴት እንደሚንቀሳቀስ መለካት ነበር። ኮከቡ ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ለሰው ልጅ የማይቻል ነገር እንደ ሆነ በዘመኑ የታወቁ ፈላስፎች ይናገሩ ነበር። ይህ አስተያየት ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ።

የፀሐይ ብርሃን ሦስት ማዕዘን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና ወደ ኅብረ ቀለማት ይከፋፈላል። በቀለማቱ መካከል ቀጫጭን ጥቁር መሥመሮች ይታያሉ። በ1859 ኪርኾፍና ቡንዘን የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት የእነዚህን መሥመሮች ትርጉም አገኙ፤ ብረት፣ ሶድየም፣ ሃይድሮጂንና ሌላውም ንጥረ ነገር ሁሉ የየራሱ መሥመሮች አሉት፤ ስለዚህ መሥመሮቹን ያነበበ ሰው ብርሃኑ ከምን እንደ ወጣ ያውቃል። ስፔክትሮስኮፕ የሚባለው መሣሪያ ይህን የሚያሳይ ነው።

አባ ሴኪ ይህን መሣሪያ ከቴሌስኮፓቸው ጋር አጋጥመው ወደ ከዋክብት አዞሩት። ከ1863 ጀምሮ በየሌሊቱ ከኮከብ ወደ ኮከብ እየተሻገሩ ከ4000 በላይ ከዋክብትን መረመሩ። ያን ያህል ቁጥር ቢኖራቸውም ጠባያቸው ጥቂት መሆኑን አስተዋሉ፤ በ1868 በአራት ወገን መደቧቸው። የመጀመሪያው ወገን እንደ ሲሪየስና እንደ ቬጋ ያሉት ነጫጭ ከዋክብት ናቸው፤ የሃይድሮጂን መሥመሮች ጎልተው ይታዩባቸዋል። ሁለተኛው ቢጫዎቹ ናቸው፤ ፀሐያችንም ከእነርሱ አንዷ ናት። ሦስተኛው እንደ አንታረስ ያሉት ቀያዮች ሲሆኑ፣ አራተኛው ደግሞ የካርቦን ምልክት የሚታይባቸው፣ እጅግ የቀሉና ብርሃናቸው የደከመ ከዋክብት ናቸው። በኋላም ብሩህ መሥመር የሚያሳዩትን ከዋክብት አምስተኛ ወገን አድርገው ጨመሩ።

ይህ ድልድል በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ በሃርቫርድ መመልከቻ በተዘጋጀ የረቀቀ ድልድል ተተካ። ነገር ግን ከዋክብትን እንደ ቀለማቸውና እንደ መሥመራቸው በመለየት ጠባያቸውን የማጥናት መንገድ የተከፈተው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚህም አንድ ታላቅ ዕውቀት ተገኘ። ፀሐይ ከብዙ ከዋክብት አንዷ ናት፤ የሩቁ ኮከብም የተሠራው በእግራችን ሥር በምንረግጠው ምድር ከሚገኘው ንጥረ ነገር ነው።

የፀሐይ ነገር

አባ ሴኪ ከሁሉ ይልቅ የደከሙት ስለ ፀሐይ ነው። በግርዶሽ ጊዜ በጨለማው ክብ ጠርዝ ላይ እንደ እሳት ነበልባል ሆነው የሚታዩት ቀያይ ነገሮች የፀሐይ ናቸው ወይስ የጨረቃ? ወይስ የዓይን ስሕተት? የሚለው ጥያቄ በዘመኑ ያከራክር ነበር። በሐምሌ 1860 ግርዶሽ በእስፔን ምድር ሲታይ አባ ሴኪ በምሥራቁ ጠረፍ፣ የቀርሜሎሳውያን ገዳም ባለበት ተራራ ላይ ሆነው ፎቶግራፍ አስነሡ። እንግሊዛዊው ዋረን ደ ላ ሩ ደግሞ ከዚያ ርቆ በሰሜን እስፔን አነሣ። የሁለቱ ፎቶግራፎች ሲነጻጸሩ ነበልባሎቹ አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ። በተራራቁ ስፍራዎች በተለያየ ሰዓት ተነሥተው አንድ ከሆኑ የፀሐይ መሆናቸው የተረጋገጠ ሆነ።

ከ1868 በኋላ ነበልባሎቹን ያለ ግርዶሽ በስፔክትሮስኮፕ ማየት ስለ ተቻለ፣ አባ ሴኪ ሰማዩ በጠራ ቀን ሁሉ የፀሐይን ጠርዝ ዙሪያውን እየተመለከቱ ነበልባሎቿንና ነጠብጣቦቿን በእጃቸው ይሥሉ ነበር። ስለ ፀሐይ የጻፉት መጽሐፍ በ1870 በፓሪስ በፈረንሳይኛ ታተመ፤ ለብዙ ዓመታትም የመስኩ መምህራን ሁሉ የሚያነቡት ሆነ። በጠቅላላው በሕይወት ዘመናቸው በልዩ ልዩ መጽሔቶች ያወጧቸው ጽሑፎች ከ700 ይበልጣሉ።

ለባሕርና ለምድር የሠሩት

አባ ሴኪ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ ያቀኑ ቢሆኑም በምድር ያለውን የሰው ኑሮ አልረሱም። በ1854 እና በ1855 በጥንታዊው የአፕያ መንገድ ላይ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መሥመር በጥንቃቄ ለኩ። ለካርታ ሥራ መነሻ የሚሆን ልኬት ነበር። በጳጳሳዊው ግዛት ከተሞች መካከልም የአየር ጠባይን ወሬ በቴሌግራፍ መለዋወጥ እንዲጀመር አደረጉ። የአየር ግፊትን፣ ሙቀትን፣ የነፋስን አቅጣጫና ፍጥነት፣ ዝናብ የጣለበትንም ሰዓት ያለ ሰው እርዳታ በወረቀት ላይ የሚጽፍ ትልቅ መሣሪያ ነደፉ። መሣሪያው በ1867 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ትርኢት ቀርቦ ሲሸለም፣ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛ የክብር ሌጂዮን ኒሻን ሰጧቸው።

ከሥራቸው ሁሉ በጣም ቀላሉ ግን በአገራችን ሳይቀር የሚሠራበት ነው። በ1865 የጳጳሳዊው ባሕር ኃይል አዛዥ የነበሩት አለሳንድሮ ቻልዲ የባሕርን ውኃ ጥራት ለመለካት የእሳቸውን እርዳታ ጠየቁ። አባ ሴኪ በመርከብ ተሳፍረው፣ እንደ ሳህን ክብ የሆነ ነጭ ነገር በገመድ ወደ ባሕር አወረዱ። ክቡ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት የውኃው ጥራት ልክ ሆነ። ዛሬ ይህ መሣሪያ በስማቸው የሴኪ ሳህን ይባላል። የጣናንና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንን ውኃ የሚያጠኑ ባለሙያዎችም ከጀልባ ላይ ሆነው በገመድ ያወርዱታል።

የፈተና ዓመታት

መስከረም 20 ቀን 1870 የኢጣልያ ጦር ሮማን ያዘ። ጳጳሳዊው መንግሥት አከተመ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 9ኛም በቫቲካን ተወስነው ተቀመጡ። የሮማ ኮሌጅ ለአዲሱ መንግሥት ትምህርት ቤት ተሰጠ፤ በ1873 የወጣው ሕግ ደግሞ የመነኮሳትን ማኅበራት ንብረት ስለ ወረሰ ኢየሱሳውያን ከገዛ ቤታቸው ተበተኑ።

አባ ሴኪን በሚመለከት ግን መንግሥት ሌላ ሐሳብ ነበረው። ስማቸው በአውሮፓ ሁሉ የታወቀ፣ የታላላቅ አካዳሚዎች አባል የሆኑ ሊቅ ስለ ነበሩ ወደ ራሱ ሊያቀርባቸው ፈለገ። በሮማ ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ወንበርና ከፍ ያለ ሹመት ቀረበላቸው። ይህን ቢቀበሉ መመልከቻቸው ይጸናላቸው፣ ገንዘብም አይጎድልባቸው ነበር። ነገር ግን ወንድሞቻቸው በተሰደዱበት፣ ር.ሊ.ጳ. ባዘኑበት ጊዜ ይህን ሹመት መቀበል ማኅበራቸውን መክዳት ሆኖ ስለ ታያቸው አልተቀበሉም። በ1872 በፓሪስ ስለ ሜትር ልኬት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲደረግ፣ ግዛት ያልነበራትን ቅድስት መንበር ወክለው ተቀመጡ። መንግሥትም ዝናቸውን ስለ ፈራ ከመመልከቻቸው ሊያስወጣቸው አልደፈረም። በተወረሰው ቤት ጥግ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ጣሪያ ላይ፣ የነበራቸውን ሥራ ቀጠሉ።

ይሁን እንጂ አባ ሴኪ ሹመቱን እምቢ ሲሉ ሰዎቹን አልጠሉም። ሮማ ከተያዘች ከሦስት ወር በኋላ በታኅሣሥ 1870 ግርዶሽ ለመመልከት ከኢጣልያውያን ሊቃውንት ጋር ወደ ሲሲልያ ሄደዋል። በ1871 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነው ከፒዬትሮ ታኪኒ ጋር ሆነው በስፔክትሮስኮፕ የሚመራመሩ ኢጣልያውያንን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ በቀጣዩ ዓመት ማሳተም የጀመረው መጽሔት የከዋክብትንና የፀሐይን ጠባይ ለማጥናት ብቻ የተዘጋጀ የመጀመሪያው መጽሔት ነበር።

ፈተናው ከውጭ ብቻ አልመጣም። የቤተ ክርስቲያን ጠላቶች ኢየሱሳዊ በመሆናቸው ዕውቀታቸውን ሲጠራጠሩ፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥም ትምህርታቸውን የተቹ ነበሩ። አባ ሴኪ ሙቀትን፣ ብርሃንንና ኤሌክትሪክን በቁስ አካል እንቅስቃሴ ለማስረዳት በ1864 መጽሐፍ ጽፈው ስለ ነበር፣ አንዳንድ የፍልስፍና መምህራን ይህ ከቀደሙት ሊቃውንት ትምህርት ጋር አይስማማም ብለው ነቀፏቸው። በመጽሐፉ ካሉት ሐሳቦች አንዳንዶቹ በኋለኛው ዘመን ፊዚክስ ተተክተዋል። አባ ሴኪ ግን የተፈጥሮን ነገር በተፈጥሮ መሣሪያ መመርመር እምነትን እንደማይጎዳ ጸንተው ያምኑ ነበር። በጋሊሌዮ ላይ የተፈረደው ፍርድ በየጋዜጣው በሚነሣበት በዚያ ዘመን፣ ጋሊሌዮ በእንግድነት በተከበረበት ኮሌጅ፣ ከጋሊሌዮ ጋር የተከራከሩት ሰው በሠሩት ቤተ ክርስቲያን ላይ ቴሌስኮፕ ይዘው መገኘታቸው ከማንኛውም ክርክር የበለጠ መልስ ነበር ብለን እናስባለን።

ዕረፍታቸውና ከዚያ በኋላ

ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 9ኛ በየካቲት 7 ቀን 1878 ዐረፉ። አባ ሴኪም በሆድ ዕቃ ካንሰር ሲሰቃዩ ቆይተው በዚያው ወር በ26ኛው ቀን፣ ስድሳ ዓመት ሳይሞላቸው፣ ይህን ዓለም ተሰናበቱ። ስለ ከዋክብት የጻፉት መጽሐፍ የመጨረሻ ታላቅ ሥራቸው ሆነ።

ባለቤቱ በሞቱበት ቤት ላይ መንግሥት የቀድሞውን ይሉኝታ አላደረገም። በ1879 መመልከቻውን ከኢየሱሳውያን እጅ ወሰደ። ኃላፊነቱንም የተረከበው ከአባ ሴኪ ጋር ማኅበሩን የመሠረተው ታኪኒ ነበር። በ1923 የሮማ የሥነ ፈለክ ሥራ ከከተማው ብርሃንና ጢስ ርቆ ወደ ማሪዮ ተራራ ተዛወረ።

ቤተ ክርስቲያን ግን የሰማይን ጥናት አልተወችም። ር.ሊ.ጳ. ልዮን 13ኛ በ1891 የቫቲካንን የከዋክብት መመልከቻ እንደ አዲስ አቋቋሙ፤ ቤተ ክርስቲያን እውነተኛ ዕውቀትን እንደማትቃወም ለማስረዳት መሆኑንም ገለጹ። መመልከቻው በ1930ዎቹ ወደ ካስቴል ጋንዶልፎ ተዛውሮ ለኢየሱሳውያን ተሰጠ። ከ1993 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ በአሪዞና ተራራ ላይ የራሱ ቴሌስኮፕ አለው። የአባ ሴኪ ስም በጨረቃና በማርስ ላይ ለሚገኙ ጉድጓዶች ተሰጥቷል። በ2006 ወደ ሕዋ የተላኩት፣ ፀሐይን የሚያጠኑ ሁለት መንኮራኩሮች የተሸከሟቸው መሣሪያዎችም በስማቸው ተጠርተዋል።

ለትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች

በየቁምስናው ወጣቶችን የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ በትምህርት ቤት ሳይንስ የሚማር ልጅ አንድ ቀን መጥቶ እምነትና ዕውቀት እንዴት አብረው ይሄዳሉ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄውን እንደ ክሕደት ቆጥሮ ልጁን ማሸማቀቅ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ሳይንስ እምነትን አረጋግጧል ብሎ ለማሳመን መሽቀዳደምም እንዲሁ አይበጅም። የዛሬው የሳይንስ ሐሳብ ነገ ሊሻሻል ይችላልና፣ የአባ ሴኪ የከዋክብት ድልድል ራሱ ተሻሽሏል። ይልቁንም የእኚህን ካህን ሕይወት ተርኩለት። ስለ ኮከብ ሲጠየቁ ኮከቡን ይመለከቱ ነበር፤ የታያቸውንም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይጽፉ ነበር። የታማኝነት ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ዝናና ሹመት ሊገዛቸው አልቻለም። በሁለቱም ስፍራ የታየው አንድ ጠባይ ነው፤ እውነትን ለጥቅም አለመለወጥ።

በየቁምስናችን ተጀምረው የቆሙ፣ ጣሪያ ያላገኙ ሥራዎች እንዳሉ እናውቃለን። ገንዘብ ያለቀበት የጸሎት ቤት፣ መምህር ያጣ ክፍል፣ አስተማሪው የሄደበት የወጣቶች ማኅበር ይኖራል። ለጊዜው ልባችንን ያሳዝናል። የጀመርነውን መሠረት ግን አጥብቀን እንሥራው። ግራሲና ግንበኞቻቸው አራቱን ዓምዶች ሲተክሉ በላያቸው ማን ምን እንደሚያቆም አላወቁም ነበር፤ የተከሏቸው ግን አጥብቀው ነው።